ፓፊን አፉን ሲከፍት የያዘው አሳ ለምን አይወድቅም?

የዘጌ ጀልበኛ፦
ሰላም ቤተሰብ። ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው የማመላልስ ጀልባ ነጂ ነኝ። ሰሞኑን አንዲት ተሳፋሪ ፓፊን የሚባል የአይስላንድ የባሕር ወፍ ፎቶ አሳየችኝ። ምንቃሩ ሰፊና ብርቱካናማ፤ ትንንሽ አሶች አግድም ተደርድረውበት ጭራቸው በግራና በቀኝ ተንጠልጥሏል። እሺ፣ አንዱን ያዘ። አስረኛውን ለመያዝ አፉን ሲከፍት ዘጠኙ ለምን አይበተኑም? የኛ ፔሊካን ያን ሁሉ ከረጢት ይዞ አንዷን ቀረሶ ለመዋጥ ስንት ጊዜ አንገቱን ሲያቃና ነው የማየው!

ባዮሎጂ ፔዳ፦
ጋሼ፣ ምስጢሩ አፉ ውስጥ ነው። ላንቃው ላይ ወደ ጉሮሮ ያጋደሉ እሾህ መሰል ነገሮች አሉት፤ ምላሱም ሻካራ ነው። የያዘውን አሳ በምላሱ ወደ ላንቃው ይጫንና እሾሁ ላይ ይሰካዋል። ከዚያ የታችኛውን ምንቃር ቢከፍትም የቀደሙት አይንቀሳቀሱም። አብዛኛውን ጊዜ አስር ገደማ ይዞ ይመለሳል። የሚያድነውም ውሃ ውስጥ ጠልቆ፣ በክንፉ እየቀዘፈ ነው። ያ የሚያምር ቀለም ግን የመራቢያ ወቅት ጌጥ ነው፤ ወቅቱ ሲያልፍ የምንቃሩ ሽፋን ይረግፋል።

አሳ ሻጯ፦
ለምን አይውጠውም ታዲያ? ምን አደከመው?

ባዮሎጂ ፔዳ፦
ለጫጩቱ ነዋ፣ እህቴ። እሱ ትኩሱን በምንቃሩ ይወስዳል፤ ፔሊካን ግን ውጦ ሄዶ ለልጆቹ መልሶ ይተፋላቸዋል። የፔሊካን ከረጢት የስንቅ ቋት አይደለም። አሳውን ከነውሃው እንደ ጭልፋ ይጨልፍበታል፤ ከአስር ሊትር በላይ ይይዛል። ምንቃሩን ደረቱ ላይ ተጭኖ ውሃውን ካፈሰሰ በኋላ ነው ቀና ብሎ የሚውጠው። ጋሼ ያዩት እሱን ነው። የኛው ነጭ ፔሊካን ደግሞ በቡድን ከቦ አሳውን ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይነዳል እንጂ እንደ አሜሪካው ቡናማ ፔሊካን ከሰማይ አይወረወርም።

ለእኔ ግን የሁሉም አለቃ ስኪመር የሚባለው ወፍ ነው። አፍሪካም ውስጥ አለ። የታችኛው ምንቃሩ ከላይኛው ይረዝማል፤ አፉን ከፍቶ፣ የታችኛውን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ የውሃውን ገጽ እየሰነጠቀ ይበራል። አሳ ሲነካው ጠቅ! በመዳሰስ ስለሚያድን ሌሊትም ይሠራል።

የዘጌ ጀልበኛ፦
እምቦጭ መሃል ቢገባ ምን ይውጠዋል? ግንድ ቢመታውስ?

ባዮሎጂ ፔዳ፦
ገላጣና የተኛ ውሃ ነው የሚመርጠው፣ እምቦጭ ያለበትን አይሞክረውም። አንድ ነገር ሲነካው አንገቱ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይታጠፍለታል። የታችኛው ምንቃር በሥራ ብዛት ስለሚሞረድም ከላይኛው ፈጥኖ ያድጋል።