ቲኤስኤች 9.8 ወጣብኝ፤ ሆርሞኔ በዛ ማለት ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ከወለድኩ ስድስት ወሬ ነው። ስበጠር ፀጉሬ እፍኝ ሙሉ ይነቀላል። ብርዱንም አልቻልኩትም፤ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርቤ ነው የምቀመጠው። ትናንት ለታይሮይድ (ለአንገት እጢ) ምርመራ ደም ሰጠሁ። ወረቀቱ ላይ ቲኤስኤች 9.8 ይላል፣ ጎኑ ወደ ላይ ቀስት አለው። ፍሪ ቲፎር የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ግን ኖርማል ነው። ቀጠሮዬ ገና ሐሙስ ነው፤ እንቅልፍ አጣሁ። የገባችሁ ንገሩኝ።

መልስ 1
አይዞሽ እህቴ፣ እኔም በሁለተኛዋ ልጄ ጊዜ እንዲሁ ደንግጬ ነበር። ቲኤስኤች የሚመነጨው ከአንገት እጢ ሳይሆን ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ እጢ ነው። የአንገቱን እጢ «ሥራ!» እያለ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ያኛው ሲዳከም ቅስቀሳው ይበረታል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ሲል የታይሮይድ ሥራ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ ያጋጥማል፤ ብዙዎቻችን ላይ በጊዜ ይስተካከላል። የኔ ተስተካክሏል።

መልስ 2
ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ለፀጉርሽ ብለሽ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ትወስጃለሽ? አንዳንድ ማሽኖች ላይ ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ቲፎርን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ያንቺ ፍሪ ቲፎር ኖርማል የመሰለው በዚያ ሊሆን ይችላል። ከምርመራ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ማቆም ያስፈልጋል። ሲደገም እዚያው ላብራቶሪ አሠሪ፤ የኖርማል መነሻና መድረሻ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ጠያቂዋ
ባዮቲን አዎ! ሁለት ወር ሆነኝ። ደም ስሰጥ ማንም አልጠየቀኝም። ብልቃጡን ሐሙስ ይዤው እሄዳለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።