ዋንጫ አንስቶ መውረድ ወይስ ባዶ እጅ በሊጉ መቆየት?

ከፒያሳ፦

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ባለፈው እሑድ ከጨዋታው በኋላ ሳንቋጨው የተለያየንበትን ክርክር በጽሑፍ ብንቀጥለው ይሻላል ብዬ አስቤያለሁ። ጥያቄው ይህ ነበር፤ የምንደግፈው ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን ዋንጫ አንስቶ ከከፍተኛው ዲቪዚዮን ቢወርድ ይሻለናል ወይስ ምንም ሳያነሳ በአሥራ አምስተኛ ደረጃ ጨርሶ ቢቆይ? እኔ ዋንጫውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴንም ከዊጋን አትሌቲክ እጀምራለሁ።

ዊጋን ወደ እንግሊዝ ሊግ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ2005 ፕሪምየር ሊጉን ተቀላቅሎ ስምንት የውድድር ዘመን ቆየ፤ አብዛኛውንም ያሳለፈው ላለመውረድ ሲታገል ነበር። ሜይ 11 ቀን 2013 ቅዳሜ ምሽት በኤፍ ኤ ካፕ፣ ማለትም በእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ፍጻሜ ማንችስተር ሲቲን በዌምብሌይ ገጠመ። ዘጠናው ደቂቃ አልቆ በጭማሪው ሰዓት መጀመሪያ ላይ፣ በዚያው የውድድር ዘመን እግሩ ተሰብሮ ለወራት ከሜዳ ርቆ የነበረውና ተቀይሮ የገባው ቤን ዋትሰን የማዕዘን ምት በጭንቅላቱ ገጭቶ አስቆጠረ፤ ጨዋታውም 1 ለ 0 ተጠናቀቀ። ቡድኑን እየመሩ ወደ ሜዳ የገቡት የክለቡ ባለቤት ዴቭ ዌላን፣ በ1960 በቀድሞው ዌምብሌይ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ለብላክበርን ሲጫወቱ እግራቸው የተሰበረ ሰው ናቸው። ሃምሳ ሦስት ዓመት የጠበቁትን ነገር በዚያች ምሽት አገኙት። ከሦስት ቀን በኋላ ዊጋን በአርሰናል 4 ለ 1 ተሸንፎ ወረደ፤ በአንድ የውድድር ዘመን ኤፍ ኤ ካፕን አንስቶ የወረደ የመጀመሪያው ክለብም ሆነ።

ያንን ጎል ያየሁት ዶሮ ማነቂያ ውስጥ በነበረ አንድ ቤት ነው። ቤቱ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት አንዱ ስለሆነ ዛሬ ቦታውን እንኳ ለልጄ ማሳየት አልችልም፤ ነገር ግን የዊጋን ደጋፊ ያልሆንነው ሰዎች ወንበራችንን ለቅቀን የተቃቀፍንበት ቅጽበት እስካሁን አብሮኝ አለ። ዊጋን በሊጉ ከቆየባቸው ስምንት ዓመታት ውስጥ በ2009 ስንተኛ እንደወጣ ግን ከእናንተ መካከል ሳይፈልግ የሚነግረኝ የለም።

ከካዛንቺስ፦

ወንድሜ፣ የዊጋንን ታሪክ ከጀመርኸው አይቀር እስከ መጨረሻው ብትተርከው ደስ ይለኝ ነበር። ከዋንጫው ሁለት ዓመት በኋላ ክለቡ ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ወርዷል። ከዚያ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ፣ በጁላይ 2020፣ ባለቤት ከቀየረ ብዙም ሳይሰነብት፣ የገንዘብ አቅሙ ተሟጥጦ በሕግ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ። አሥራ ሁለት ነጥብ ተቀነሰበት፤ በሜዳ ላይ ያገኘው ነጥብ በሁለተኛው ዲቪዚዮን አጋማሽ አካባቢ ያስቀምጠው የነበረ ቡድንም በቅጣቱ ምክንያት ወረደ። በዚያ ክረምት ሥራቸውን ያጡት የትኬት ሠራተኞች፣ የሜዳ ተንከባካቢዎችና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ዋንጫውን በመደርደሪያ ላይ ማየታቸው የቤት ኪራይ አልከፈለላቸውም።

ዋንጫና ውድቀት በአጋጣሚ ብቻ የሚገናኙ እንዳይመስልህ የፖርትስመዝን ነገር ልጨምርልህ። ፖርትስመዝ በ2008 ካርዲፍን 1 ለ 0 አሸንፎ ኤፍ ኤ ካፕን ያነሳው ገቢው ሊሸከመው የማይችል ደሞዝ በሚከፈላቸው ተጫዋቾች ነው። ዕዳው ሲደራረብ በ2010 ዘጠኝ ነጥብ ተቀንሶበት ወረደ፤ በ2013 ደግሞ አራተኛው ዲቪዚዮን ደርሶ ራሱን አገኘው። ያን ጊዜ ክለቡን ከመፍረስ ያዳኑት ደጋፊዎቹ ናቸው፤ ከየኪሳቸው አዋጥተው ገዙት። ለአንድ ቀን ደስታ የሚከፈለውን ዋጋ ስንተምን ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አብረን ልንጠይቅ ይገባናል፤ እኛ ካዛንቺስ ተቀምጠን ቡና እየጠጣን በሌላ ሰው ከተማ ላይ መፍረድ ቀላል ነው።

ከሜክሲኮ፦

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ ስለዚህ ያለ ዋንጫ መቆየት ምን እንደሚመስል ከብዙዎቻችሁ በላይ አውቀዋለሁ። ከ2005 እስከ 2014 አንድም ዋንጫ ሳናነሳ በየዓመቱ ለሻምፒዮንስ ሊግ እናልፍ ነበር። ያለፍንባቸውን ዓመታት አንድ በአንድ ቁጠር ብትሉኝ ይምታቱብኛል። በፌብሩዋሪ 2011 በሊግ ካፕ ፍጻሜ በርሚንግሃም ሲቲ በኦባፌሚ ማርቲንስ የ89ኛ ደቂቃ ጎል 2 ለ 1 ሲያሸንፈን የተከላካያችንና የግብ ጠባቂያችን አለመግባባት ግን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። በርሚንግሃም በሜይ ወር ወረደና ከዚያ ወዲህ ወደ ፕሪምየር ሊጉ አልተመለሰም። ያም ሆኖ በዚያች ቀን በእነርሱ ቦታ ብሆን እወድ ነበር። እንዲያውም የወረደው ዊጋን በቀጣዩ ዓመት ማንችስተር ሲቲን በሜዳው እንደገና ጥሎ፣ በግማሽ ፍጻሜው እኛን እስከ መለያ ምት አድርሶናል። የረጅሙን ድርቅ ማብቂያ ሊነጥቀን የተቃረበው ሁለተኛ ዲቪዚዮን የነበረ ክለብ ነበር።

ከአራት ኪሎ፦

የቀረበው ምርጫ እኔን አላሳመነኝም። ለየትኛውም ክለብ ዋንጫና መቆየት በሁለት ሳህን ላይ ተቀምጠው አንዱን አንሣ ተብሎ አያውቅም። ዊጋን የወረደው ፍጻሜውን ስላሸነፈ አይደለም፤ በሠላሳ ስምንት ጨዋታ 36 ነጥብ ብቻ ስለሰበሰበ ነው። ቶተንሃም በ2025 ያገኘው 38 ነጥብ ነበር፤ ሃያ ሁለት የሊግ ጨዋታ ተሸንፎ አሥራ ሰባተኛ ሲወጣ፣ ከእርሱ በታች የነበረው ሌስተር ግን 25 ብቻ ስለነበረው አልወረደም። በሁለቱ ክለቦች መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ነጥብ ነው፤ አንደኛው ወርዶ ሌላኛው የቀረው በዙሪያቸው በነበሩት ቡድኖች ድክመትና ጥንካሬ ነው።

እውነተኛው ምርጫ የሚገኘው በአሰላለፉ ውስጥ ይመስለኛል። አሠልጣኙ ሐሙስ የዋንጫ ጨዋታ፣ እሑድ የሊግ ጨዋታ ሲኖርበት ዋና አጥቂውን የትኛው ላይ ያሳርፈዋል? ቶተንሃም በዚያ ዓመት ልቡን ለዩሮፓ ሊግ ሰጠ፤ ሜይ 21 ቀን በቢልባኦ ማንችስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፎ ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ፤ አሠልጣኙ አንጅ ፖስቴኮግሉ ግን በአሥራ ስድስተኛው ቀን ተሰናበቱ። የክለቡ ኃላፊዎች ለእኛ ጥያቄ የሰጡት መልስ ይህ ነበር። ክሪስታል ፓላስ በዚያው ወር ማንችስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ ሲያነሳ በሊጉ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው፤ በሊግ ደረጃውም ያዘነ ደጋፊ የለም። ስለዚህ ጥያቄው፣ የመውረድ ስጋት ሳይኖርባቸው በዋንጫ ጨዋታ ተቀያሪዎችን ብቻ አሰልፈው በሦስተኛው ዙር የሚሰናበቱ ክለቦች ለማን ሲሉ እንደሚጫወቱ ነው።

ከቸርችል ጎዳና፦

ልጆቼ፣ በዕድሜ ስለምበልጣችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ጥር 1954 ዓ.ም. እኔ ገና ሕፃን ነበርሁ፤ አባቴ ግን ስታዲየም ነበሩ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ግብፅን፣ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ? ደረጃችን ዝቅ እያለ ሄደ፤ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀብን። አባቴ ግን እስኪያርፉ ድረስ የመንግሥቱ ወርቁን አጨዋወት ቆመው እያሳዩ ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራ ነበር። ያን ዋንጫ መልሰህ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ብሔራዊ ቡድኑ በየውድድሩ አማካይ ደረጃ ይኑረው ቢባሉ የሚስማሙ አይመስለኝም፤ እኔም አልስማማም።

ከካዛንቺስ፦

ጋሼ፣ የተናገሩትን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ብሔራዊ ቡድን አይወርድም። ምንም ያህል ቢሸነፍ ለቀጣዩ ማጣሪያ ይመዘገባል፤ አገሩ በጀት አጥቶ አይዘጋም። ለክለብ ግን መውረድ ማለት ተጫዋቾቹ መበተን፣ ወጣቶቹ ያለ አሠልጣኝ መቅረት ማለት ሊሆን ይችላል። የአባትዎ ትዝታ ያለ ስጋት የተገኘ ነው፤ የዊጋን ደጋፊ ትዝታ ግን ከነዕዳው ነው።

ከስታዲየም አካባቢ፦

እህቴ ከካዛንቺስ ያነሣችው ነጥብ ወደ ቤታችን ስለሚያመጣን እዚህ ላይ ልቆይ እፈልጋለሁ። እስካሁን ስንከራከር የቆየነው ወድቀው የሚያርፉበት ነገር ስላላቸው ክለቦች ነው። ከእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ የወረደ ክለብ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ድጎማ ያገኛል፤ ለክለቦች እኩል ከሚከፋፈለው የቴሌቪዥን ገቢ በመጀመሪያው ዓመት 55 በመቶ፣ በሁለተኛው 45፣ በሦስተኛው 20 በመቶ ይሰጠዋል። ከፕሪምየር ሊጋችን ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ከፍተኛ ሊግ፣ የሚወርድ ክለብ ግን በጀቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከከተማ አስተዳደር ወይም ከአንድ ድርጅት ነው፤ ያ አካል ነገ ሐሳቡን ቢቀይር ደጋፊው ለማን አቤት ይላል? ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ወረደ። የዚያን ሻምፒዮንነት ታሪክ አሁን ስታዲየም ሆኖ የሚያወራ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ወንድሜ ከፒያሳ፣ ትዝታ ብቻውን የሚኖር ይመስልሃል፤ የሚያወራው ደጋፊ በየሳምንቱ የሚሰበሰብበት ክለብ ከሌለ ግን ትዝታውም ይበተናል።

ይህን ስል ግን ዋንጫውን አሳንሼ አይደለም። ወላይታ ድቻ ሊጉን ለማሸነፍ ቅርብ ያልነበረ ክለብ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ በማንሳቱ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ተካፈለና በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ ካይሮ ላይ በመለያ ምት ከውድድር አስወጣ። ምንም ያህል ዓመት በሊጉ አጋማሽ ቢቆይ ያን በር የሚከፍትለት ደረጃ አልነበረውም።

ከፒያሳ፦

እህቴ ስለ ሠራተኞቹ ያለችው እውነት ነው፤ የፖርትስመዝንም ጉዳይ አልክድም። በብድር የተገዛ ዋንጫ ከሆነ እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ፤ ደጋፊ ያላወቀውን ዕዳ ፈርሞ ደስታ መሸጥ ማታለል ነው። ነገር ግን የፖርትስመዝ ደጋፊዎች ከየኪሳቸው አዋጥተው ክለቡን ያዳኑት፣ ከዚያም እየደገፉ በ2024 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን እስኪመለስ የታገሡት ምን ይዘው ነው? ክለቡን እንዲወዱት ያደረጋቸው ከወራጅ ቀጠናው በሁለት ነጥብ ማምለጡ ብቻ ነው ለማለት ይከብደኛል። የጀርመኑን ካይዘርስላውተርንም አስታውሱ፤ በ1996 የጀርመንን ዋንጫ አነሳ፣ በዚያው ወር ወረደ፣ በ1997 ተመለሰ፣ በ1998 ደግሞ የቡንደስሊጋው ሻምፒዮን ሆነ። ብርቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መውረድ መቃብር እንዳልሆነ ለማሳየት ግን ይበቃል።

በአንድ ነገር አቋሜን አሻሽያለሁ። ወንድሜ ከአራት ኪሎ እንዳለው ጥያቄው የአሰላለፍ ነው፤ ወንድሜ ከስታዲየም እንዳለው ደግሞ መልሱ ክለቡ ሲወድቅ የሚያርፍበት ነገር እንዳለውና እንደሌለው ይለያያል። ድጎማ ላለው የእንግሊዝ ክለብ ዋንጫውን እላለሁ፤ ያለ ጥርጣሬ። ለእኛ ክለቦች ግን ይህን ያህል ደፍሬ መናገር አልችልም።

ከስታዲየም አካባቢ፦

እንግዲያውስ እኔ ልድፈር። ስታዲየሙ ለእድሳት በተዘጋባቸው ዓመታት ክለቤን ለማየት በአውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ ሄጃለሁ፤ ያለ ግብ የተጠናቀቁ የሊግ ጨዋታዎችን ዝናብ ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ ነጥቧ ላለመውረድ ስለምታስፈልግ ደስ ብሎኝ ተመልሻለሁ። በሚቀጥለው የኢትዮጵያ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ብንደርስና ከሦስት ቀን በኋላ ከወራጅ ቀጠናው ተፎካካሪ ጋር የሊግ ጨዋታ ቢጠብቀን፣ አሠልጣኛችን አጥቂውን በግማሽ ፍጻሜው ያሰልፈው እላለሁ። ብንወርድም ከፍተኛ ሊግ የሚጫወትበት ከተማ ድረስ አውቶቡሱን እሳፈራለሁ። እህቴ ከካዛንቺስ፣ አንቺስ በዚያ ቀን ማንን ታሰልፊያለሽ?

ከካዛንቺስ፦

ለስድሳ ደቂቃ አሰልፈውና ጎል ካገባ አስወጣዋለሁ።