ሁለት ውሾቼን ይዤ በአውሮፕላን አገር ልቀይር ነው፤ ከምን ልጀምር?

የነብሮ አሳዳጊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሥራ ምክንያት ከነቤተሰቤ ወደ አንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር ልንዛወር ነው። ቀኑ ገና አልተቆረጠም፤ ከግማሽ ዓመት ግን የሚያልፍ አይመስለኝም። ሁለት ውሾች አሉኝ። ነብሮ ትልቅ ነው፣ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ግን አልጋ ሥር ይገባል። ሚጡ አፍንጫዋ ድፍጥጥ ያለ የፐግ ዝርያ ናት፤ ደረጃ ስትወጣ እንኳ ታለከልካለች። ቤታችን ከመጣች ጀምሮ ከእሱ ተለይታ አድራ አታውቅም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ይከተባሉ፣ ካርዳቸውም አለ። ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባው መለያ ቁጥር የያዘ ደቃቅ መሣሪያ) ግን የላቸውም። ክትባቱ ካለ ቺፑን ጉዞው ሲቃረብ ብናደርገው ችግር አለው? በአንድ ሳጥን አብረው መጓዝስ ይችላሉ? ለነብሮ የሚያስተኛ መድኃኒት ብሰጠውስ? ዘመዶቼ «ለሰው ሰጥተሽ ሂጂ፣ እዚያ ሌላ ታገኛለሽ» ይሉኛል። እሱን ምክር እባካችሁ አትስጡኝ፤ ጥያቄ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ይንገረኝ።

የቡቺ እናት፦

እህቴ፣ «ለሰው ሰጥተሽ ሂጂ» የሚለውን እኔም ጆሮዬ እስኪደክም ሰምቻለሁ። ቡቺን ይዤው ሄድኩ፤ ዛሬም አብሮኝ ነው። ግማሽ ዓመት ካለሽ ይበቃሻል፤ የሚባክን ሳምንት ግን የለሽም።

ቺፑ ወደ መጨረሻ አይገፋም፤ ሌላው ወረቀት ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። በኅብረቱ ደንብ ቺፑ ከክትባቱ በፊት ወይም ቢያንስ በዚያው ዕለት መግባት አለበት። ቁጥር የሌለው ውሻ፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው ክትባት የእሱ መሆኑ በምን ይታወቃል? ስለዚህ እስከ ዛሬ የተከተቡት ለጤናቸው ጠቅሟቸዋል፤ ለድንበሩ ግን አይቆጠርም። በዚህ ሳምንት ባለ 15 አሃዙን፣ አይ.ኤስ.ኦ. 11784 እና 11785 የሚባለውን ደረጃ የሚያሟላውን ቺፕ አስገቢላቸው። ሐኪሙ በማንበቢያው አንብቦ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ ይከተቡ። ከክትባቱ በኋላ ቢያንስ 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው።

ቀጣዩ የሚወሰነው በምትነሺበት አገር ነው። ኅብረቱ ያወጣው የአገሮች ዝርዝር አለ፤ ያንቺ እዚያ ውስጥ ከሌለ የደም ምርመራ ይጨመራል። ደሙ የሚቀዳው ከክትባቱ በኋላ 30 ቀን ሲሞላ ነው፤ የሚመረምረውም ኅብረቱ የፈቀደለት ላቦራቶሪ ብቻ ነው። በደሙ ውስጥ የሚገኘው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ አቅም በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት። ውጤቱ ቢያምርም ደሙ ከተቀዳበት ዕለት ጀምሮ ሦስት ወር ትጠብቂያለሽ። ደምሪው፤ ቢያንስ አራት ወር ሄደ። ቺፑን ዛሬ ነገ አትበይ የምልሽ ለዚህ ነው።

የጤና ሰርተፍኬቱ ደግሞ በተቃራኒው ቀድሞ አይወጣም፤ የሚፈረመው ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ነው። መድረሻሽ ፊንላንድ፣ አየርላንድ ወይም ማልታ ከሆነ፣ ከመግባታቸው በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ሐኪም የኮሶ ትል መድኃኒት ሰጥቶ በሰነዱ ላይ መመዝገብ አለበት።

ወረቀቱን ከያዝሽ በኋላ ልብሽን ለሳጥኑ ስጪው። ነብሮ ያን ሁሉ ሰዓት የሚያሳልፈው እዚያ ውስጥ ነው። ልኩን አሁን ውሰጂ፦ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር ያለውን ለኪና ከመሬት እስከ ክርኑ ያለውን ግማሽ ጨምሪበት፤ ርዝመቱ ያ ነው። ስፋቱ የትከሻው እጥፍ ይሁን። ቆሞ ራሱ ወይም ጆሮው፣ የበለጠው፣ ጣሪያውን መንካት የለበትም፤ የምንጣፉንም ውፍረት አስቢ። በአራቱም ጎን አየር የሚያስገባ፣ በብረት ብሎን የሚታሰር ምረጪ።

በሩን ንቀይና ሳጥኑን እሱ በሚተኛበት ክፍል አስቀምጪው። አትግፊው፣ አትጎትቺው። ምግቡን መጀመሪያ ደጃፉ ላይ፣ እያደር ወደ ውስጥ አድርጊለት። የለበስሽውን ያልታጠበ ሹራብ አንጥፊለት። በራሱ ገብቶ መተኛት ሲጀምር በሩን መልሺና እየበላ ሳለ ዝጊው፤ ሳይጨነቅ ክፈቺው። ደቂቃው ቀስ በቀስ ይርዘም። ከዚያ እሱ ውስጥ እያለ ሳጥኑን ለሁለት አንሱት፣ መኪና ላይ ጫኑት፣ ሞተር ሲጮህ ይስማ። ነጎድጓድ ለሚፈራ ውሻ የሚጮኸውን ነገር እቤቱ፣ አንቺ አጠገቡ እያለሽ መልመዱ ትልቅ ነገር ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች ልመልስ።

በአንድ ሳጥን አይሆንም። በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ደንብ ሁለት አዋቂ ውሾች አብረው የሚጓዙት መጠናቸው ተቀራራቢ ሆኖ እያንዳንዳቸው ከ14 ኪሎ ካልበለጡና ከተላመዱ ነው። ነብሮ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ለየብቻ መተኛትን ከአሁኑ ያለማምዷቸው፤ የስንብቱና የበረራው ጭንቀት በአንድ ቀን እንዳይወድቅባቸው።

የሚያስተኛ መድኃኒት አይስጡት። የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ትንፋሽን ያዳክማል፤ የደነዘዘ ውሻ ሳጥኑ ሲዘነብል ሚዛኑን መጠበቅ አይችልም። አየር ላይ ሆኖ ደግሞ የሚያየው ሐኪም የለም። ደንዝዞ የመጣ ውሻ የማይቀበሉ አየር መንገዶችም ብዙ ናቸው።

እኔን የምታሳስበኝ ሚጡ ናት። ውሻ ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ነው፤ አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ ውሻ ደግሞ የአየር መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ይህ ይከብደዋል። እንዲህ ያሉትን ዝርያዎች ብዙ አየር መንገዶች በጭነት ክፍል አይቀበሉም። የእንስሳት ክፍሉ እንደ መንገደኛው ክፍል አየሩና ሙቀቱ የተጠበቀ ነው፤ አደጋው የሚበረታው አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ከእርስዎ ጋር ከወንበር ሥር በቦርሳ የምትጓዝበትን በረራ ይፈልጉ። የሚፈቅዱት አብዛኛውን ጊዜ ከነቦርሳው 8 ኪሎ ገደማ ነውና ይመዝኗት።

የነብሮ አሳዳጊ፦

እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ መዘንኳት፤ ከነቦርሳዋ 9 ኪሎ ናት። ምን ይሻላል?

የእንስሳት ሐኪም፦

ጊዜ አለዎት። ሐኪሟ ያያትና ክብደት መቀነስ ያለባት ከሆነ ምግቧ በልክ ይሁን፣ ከገበታ የሚጣልላት ይቅር። ስብ ራሱ የአየር መተላለፊያዋን ያጠባል፤ ብትቀንስ ለበረራው ብቻ ሳይሆን ለደረጃውም ይቀልላታል። እንዲሁ በረሃብ አይቅጧት። ቀላል ቦርሳም ይፈልጉ።

ማታ በራሪ፦

እኔ ስለ መንገዱ ብቻ ልበል። ውድ ቢሆንም ቀጥታ በረራ ያዢ፤ ትራንዚት ባለ ቁጥር ለነብሮ አንድ ተጨማሪ መጫንና ማውረድ አለ። ወቅቱ ሙቀት ከሆነ የሌሊት ወይም የማለዳ ይሁን። ትኬቱን ከመክፈልሽ በፊት ለውሾቹ ቦታ መኖሩን በጽሑፍ አረጋግጪ፤ በአንድ በረራ የሚጫኑት እንስሳት ቁጥር የተወሰነ ነው።

በዕለቱ ከበረራው ጥቂት ሰዓት አስቀድመሽ ቀለል ያለ ምግብ ስጪው፣ አንሸራሽሪው። የውኃ ሳህኑን በበሩ ላይ እሰሪና ውኃውን አስቀድመሽ በረዶ አድርጊው፤ ሲጫን አይፈስም፣ እየሟሟ ይጠጣዋል። ዋናውን ሰነድ በእጅሽ ያዢ፣ ቅጂውን ሳጥኑ ላይ ለጥፊ።

ስትደርሱ ደግሞ ከሕንፃው ሳትወጪ ማሰሪያውን አጥብቂ፤ ሳጥኑን ደጅ ላይ ለመክፈት አትቸኩዪ። የደነገጠ ውሻ የማያውቀው ቦታ ላይ ቢያመልጥ ወዴት እንደሚሮጥ አያውቅም። የቺፑንም ቁጥር እዚያው አገር በአዲሱ ስልክሽ አስመዝግቢ፤ ቺፑ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፣ ካልተመዘገበ ያገኘው ሰው አንቺን የሚያገኝበት መንገድ የለውም።