ነዳጅ ሲረክስ የካልጋሪ ቤት ምን ይሆናል? ከእንጅባራ የተላከ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ።

ከፍኖተ ሰላም ሄደሽ የካናዳዋ የነዳጅ ኩባንያዎች ከተማ ካልጋሪ የገባሽው እህታችን፣ ጥያቄሽን አየሁት። ባለቤትሽ ነዳጅ ኩባንያ ሥራ አግኝቷል። እቁቡም ደርሷችኋል። «ቤት እንግዛ ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ እዚያ 12 ዓመት ኖሬያለሁ። አሁን እንጅባራ እናቴ ዘንድ ስለሆንኩ ጊዜ አለኝ፣ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ ነው።

እኔ ነዳጅ ሥራ አንድም ቀን አልሠራሁም። ዳውንታውን የቢሮ ፎቆች በማታ አጸዳ ነበር። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶ የገዛሁት በ2014 ነው። ያኔ አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። የኪራይ ቤት ማግኘት ጭንቅ ነበር፤ ለኪራይ ከተሠሩት አፓርታማዎች ባዶ የነበሩት ከመቶ 1.4 ብቻ ናቸው። ሁሉም ሰው «ዛሬ ካልገዛህ ነገ አትደርስበትም» ይለኝ ነበር። ገዛሁ።

በ2016 መጀመሪያ በርሜሉ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። እኔ ጉዳዩ ከእኔ ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝም ነበር። መጀመሪያ ኢንጂነሮቹ ከሥራ ተቀነሱ። ማታ ስንገባ የሰው ፎቶ የሌለበት፣ ባዶ የሆነ ጠረጴዛ በዛ። ቀጥሎ አንድ ወለል ሙሉ መብራቱ ጠፋ። ባዶ ወለል ደግሞ ጽዳት አይፈልግም። ከሳምንት አምስት ማታ የነበረው ሥራዬ ሦስት ሆነ። ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ ኤርፖርት ላይ ሰዓታት ይጠብቅ ጀመር። በዚያ ዓመት መጨረሻ ካልጋሪ ውስጥ ሥራ አጥ የሆነው ሰው ከመቶ ከ10 አለፈ።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ። የቤት ዋጋ እንደ በርሜሉ በአንዴ አይወርድም። ባለቤቱ ቀንሶ መሸጥ ስለማይፈልግ ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠፋው ገዢው ነው። ቤቱ ወር፣ ሁለት ወር፣ ግማሽ ዓመት ገበያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ መሸጥ ግድ የሆነበት ሰው ይመጣል፤ ሥራ ያጣ፣ የተፋታ፣ ወደ መጣበት ክፍለ ሀገር የሚመለስ። የሰፈሩን ዋጋ የሚወስነው እሱ የሸጠበት ነው።

ኮንዶ ላይ ደግሞ ነገሩ ባሰ። በደጉ ጊዜ የተጀመሩት ፎቆች ተሠርተው ያለቁት በክፉው ጊዜ ነው። ግማሽ የደረሰ ፎቅ ማቆም አይቻልም። ሰው ሲሄድ ቤት መጣ። እኔም ኮንዶዬን አከራይቼ ርካሽ ክፍል ልግባ ብዬ ነበር። የት ተከራይ ይገኛል? ባዶው አፓርታማ በ2016 ከመቶ 7 ደርሶ ነበር። ትልልቆቹ አከራዮች የመጀመሪያውን ወር ነፃ ይሰጣሉ። እኔ ከእነሱ ጋር በምን አቅሜ ልወዳደር? ለሕንፃው ጥገና በየወሩ የሚከፈለው የኮንዶ ፊ ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ዕዳዬ ከቤቱ ዋጋ በለጠ። እንጅባራ የጀመርኩት ቤትም ኮለኑ ቆሞ ጣሪያ ሳይለብስ 3 ክረምት ዝናብ መታው። የእንጅባራን ዝናብ ታውቁታላችሁ።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን አገር ቤት ከመጣሁ በኋላ ነው። ፋግታ ለኮማ፣ አዲስ ቅዳም አካባቢ ገበሬው መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተከለበት። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ብሎት ነበር። ዛፉ በአራት አምስት ዓመት ይደርሳል፣ ከሰል ይሆናል፣ መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። በከሰል ገንዘብ ስንቱ ከተማ ወጥቶ ቤት ሠራ። ከዚያ ቅጠሉን የሚያበላሽ በሽታ ገባና ዛፉ ቆሞ ይደርቅ ጀመር። የተጎዳው ባለ ዛፉ ብቻ አይደለም። ከሳዩ፣ ጫኙ፣ ሻይ የምታፈላዋ፣ ክፍል አከራይታ የምታድረው ባልቴት፣ ሁሉም አብረው ተጎዱ። አንድም ዛፍ የሌለው ሰው እንኳ ቤቱን ልሽጥ ቢል፣ ገንዘብ የነበረው ገዢ ያው ባለ ከሰሉ ነበር። ካልጋሪም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ የእኔ ፍርሃት ይሄ ነው። የባልሽ ደሞዝና የቤታችሁ ዋጋ ከአንድ ጉድጓድ ይቀዳሉ። ጉድጓዱ ሲደርቅ ሁለቱም ተከታትለው ይደርቃሉ። አትግዙ አላልኩም። ነገር ግን ሞርጌጁን፣ ማለትም የቤቱን የባንክ ብድር፣ በእሱ ደሞዝ ሳይሆን በአንቺ ደሞዝ አስቢው። አንቺ ሆስፒታል ውስጥ ትሠሪያለሽ፤ በርሜል ቢረክስም ሆስፒታል አይዘጋም። በአንቺ ደሞዝ የማይከፈል ቤት ከሆነ ትልቅ ነው ማለት ነው፣ ዝቅ በሉ።

ቅድመ ክፍያውንም አስቡበት። እስከ 500 ሺህ ዶላር ለሆነ ቤት 5 ከመቶ ይበቃል ይሏችኋል፣ እውነት ነው። ግን ከ20 ከመቶ በታች ከሆነ የብድር ኢንሹራንስ ትከፍላላችሁ፣ እሱም ዕዳው ላይ ይደመራል። ዋጋው ትንሽ ሲወርድ የናንተ ድርሻ አለቀ። ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ አበሻ የማያውቀው። ካልጋሪ ባለችበት በአልበርታ ክፍለ ሀገር አንድ ግለሰብ ኢንሹራንስ የሌለበት መደበኛ ሞርጌጅ መክፈል ቢያቅተው፣ ባንኩ ቤቱን ይወስዳል እንጂ የጎደለውን ከኪሱ አይጠይቅም። ኢንሹራንስ ያለበት ከሆነ ግን ይጠየቃል። ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃችሁን በዚህ ጉዳይ በግልጽ ጠይቁት።

የነዳጅ ማውጫዋ ከተማ ፎርት ማክመሪ ርካሽ ነች ብላችሁ እዚያ እንዳትገዙ። ካልጋሪ ቢያንስ ሌላም ሥራ አላት።

ክፉው ጊዜ አልፏል፣ አልዋሽም። በ2022 በርሜሉ ተመልሶ ከ100 ዶላር አለፈ፣ ከሌሎቹ ክፍለ ሀገሮች ከኦንታሪዮና ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሰው ጎረፈ፣ ኪራይ ጨመረ። ከተማው ከ2021 ጀምሮ ባዶ ቢሮዎችን መኖሪያ ለሚያደርጉ ባለ ሕንፃዎች ለእያንዳንዱ ስኩዌር ፊት 75 ዶላር ድጎማ ይሰጥ ነበር። እኔ የማጸዳው ወለል ዛሬ የሰው መኝታ ቤት ሆኖ ይሆናል። ኮንዶዬን ይዤ የቆየሁት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ባለቤቴ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ስለነበር በእሷ ደሞዝ ነው ያለፍነው። የዳንግላው ጓደኛዬ ግን የእሱም የሚስቱም ሥራ ነዳጅ ላይ ነበር። በ2019 ከስሮ ሸጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ቤት ስንት እንደተሸጠ ሲሰማ ስልክ ላይ ዝም አለኝ።

እስቲ ይህን መልሺልኝ፦ የባልሽ ሥራ ቋሚ ነው ወይስ ኮንትራት? የእቁቡ ገንዘብ ከቅድመ ክፍያው ተርፎ ስድስት ወር ያኖራችኋል? የቤት ደላላው ያሳያችሁ ኮንዶ ነው ወይስ ታውንሃውስ (ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ቤት)? ጻፊልኝና አብረን እናስላው። እናቴም የፍኖተ ሰላሟን ልጅ ሰላም በልልኝ ብላለች።