የጌም ቦይ ድንጋይ ፈስሶ ሞላዎቹን በልቷቸዋል፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

ግራጫው፦ ሰላም ለሁላችሁ። በልጅነቴ ከእጄ የማይለየውን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን የመጀመሪያውን ጌም ቦይ (በእጅ የሚያዝ የቪዲዮ ጌም መጫወቻ) ከብዙ ፍለጋ በኋላ ገዝቼ ዛሬ እጄ ገባ። የባትሪ ቤቱን ክዳን ስከፍት ግን አራቱም ድንጋዮች ፈስሰው፣ ሞላዎቹም ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሰው አገኘኋቸው። አሲዱን ያከሽፋል ብዬ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጬ ብቀባውም ምንም ለውጥ የለም። ሞላዎቹን ነቅዬ በአዲስ ልተካቸው? ይህን ስጽፍ ዕቃው እንደተከፈተ ጠረጴዛ ላይ ነው።

መደርደሪያ፦ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ሰብሳቢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የባትሪ ቤቱን ፎቶ ከሻጩ መጠየቅ እንደሚገባው በዚህ መድረክ ደጋግመን ጽፈናል። ድንጋይ ውስጡ የተረሳ መጫወቻ ከውጭ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ውስጡ ምን እንደሚመስል አይታወቅም፤ የልጅነት ናፍቆት ደግሞ ዓይንን ይጋርዳል።

ብየዳ፦ ምክሩ ለሚቀጥለው ግዢ ይጠቅማል። ጠያቂው፣ ድንጋዮቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ አልነገሩንም። አልካላይን ከሆኑ የፈሰሰው አሲድ ሳይሆን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ ነጩ ዱቄትም ይኸው ፈሳሽ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ የሚፈጠር በመሆኑ በቤኪንግ ሶዳ አይነቀልም። ጓንት አድርገው፣ ዓይንዎንም ጠብቀው፣ ጥጥ በጥቂቱ አቼቶ ነክረው ዱቄቱን ይንኩት። አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም በተጣራ ውኃ፣ ቀጥሎም በአልኮል ይጥረጉት። አቼቶው ሞላው ላይ እንዲያድር አይተዉት፤ ብረቱን ይበላዋል። አሮጌዎቹ ዚንክ ካርቦን ድንጋዮች ከሆኑ ግን ፈሳሻቸው አሲድነት ስላለው ቤኪንግ ሶዳው ትክክል ነበር።

ሎሚ፦ አቼቶ ያድርጉበት። ካልሠራም ተጨማሪ አቼቶ።

መደርደሪያ፦ ሞላውን የመቀየሩን ሐሳብ ግን አልቀበለውም። የፋብሪካው ሞላ ከተነቀለ ዕቃው ለሰብሳቢ ያለው ዋጋ ይቀንሳል፤ ደግሞስ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ዕቃ የግድ መብራት አለበት?

ግራጫው፦ የገዛሁት ልጫወትበት እንጂ ላሳየው አይደለም። ለማንኛውም ድንጋዮቹ ላይ አልካላይን የሚል ጽሑፍ አለ። በአቼቶ ስነካው አረፋው ተንተከተከ፤ ከአንዱ በስተቀር ሞላዎቹ ጠሩ፣ ያ አንዱ ግን ተቦርቡሮ ክር አክሏል። አዲስ ድንጋይ አስገብቼ ስከፍተው ከስክሪኑ በስተግራ ያለው ቀይ መብራት ለአፍታ በርቶ ጠፋ።

ድሮና ዘንድሮ፦ የጌሙን ካሴት አውጥተህ እፍ ብለህበታል? እኛ እኮ በልጅነታችን ሁሉንም ብልሽት የጠገንነው በትንፋሽ ነው።

ብየዳ፦ ትንፋሽ እርጥበት ስለሚጨምር የካሴቱን ጥርሶች ለዝገት ያጋልጣል፤ ቀዩ መብራት መጥፋቱም ከካሴቱ ይልቅ ወደ ኃይሉ መስመር ይጠቁማል። የተቦረቦረው ሞላ ኃይሉን በበቂ ስለማያሳልፍ መደርደሪያን ይቅርታ እየጠየቅሁ እሱን ብቻ ይቀይሩት፤ አሮጌውን ግን በትንሽ ከረጢት አስቀምጠው ከዕቃው ጋር ያቆዩት። ቀጥሎ ድንጋዮቹን አውጥተው ሽፋኑን ይክፈቱ። የውጭዎቹ ብሎኖች ባለ ሦስት ክንፍ ካቻቢቴ፣ የውስጦቹ ግን የተለመደውን ባለ መስቀል ይፈልጋሉ። የፊቱና የኋላው ግማሽ በጠፍጣፋ ሪባን ኬብል የተያያዙ ስለሆኑ ጎትተው እንዳይበጥሱት። ከላይ በኩል ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ውስጡ ሲቆሽሽ ልክ እንዲህ ያለ ችግር ያመጣል፤ አልኮል ጠብ አድርገው ደጋግመው ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱት፣ በደንብ እስኪደርቅም ይጠብቁ። መብራቱ አሁንም ከጠፋ በቴስተር ይለኩ፤ አራቱ አዳዲስ ድንጋዮች አንድ ላይ 6 ቮልት ገደማ ሊሰጡ ይገባል። ድንጋዮቹ ዘንድ ያለው ልኬት የውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ሲደርስ ከቀነሰ፣ ዝገቱ ሞላዎቹ ከሰሌዳው ጋር ወደተበየዱበት ቦታ ዘልቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ብየዳውን ማደስ ያስፈልጋል።

ሎሚ፦ እዚያም ላይ አቼቶ።

ብየዳ፦ በልኩ ከሆነ፣ አዎ።

አዲስ አባል፦ የእኔም ቀይ መብራት በርቶ ይጠፋል፤ ድንጋዩ ግን ፈስሶ አያውቅም። ግራጫው፣ ማብሪያውን ካጸዱ በኋላ ምን እንደሆነ ቢነግሩን?