ታብሌትን ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር በገመድ ስለማገናኘት እርዳታ እጠይቃለሁ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ እናቴ ዓይናቸው ስለደከመ በታብሌት የሚከታተሉትን ቅዳሴ በቴሌቪዥን አጉልቼ ላሳያቸው አጥብቄ እፈልጋለሁ። ቴሌቪዥኑ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የኤቪ ቀዳዳዎች ብቻ ስላሉት፣ ከታብሌቱ ታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ገመድና ኤችዲኤምአይን ወደ ኤቪ የሚለውጥ፣ በ5 ቮልት የሚሠራ ኮንቨርተር ገዝቼ ባገናኝም፣ የኮንቨርተሩ መብራት እየበራ ስክሪኑ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ያው ኮንቨርተር ከዲሽ ሪሲቨሩ ጋር ሲገናኝ ግን ጥርት ያለ ምስል ስለሚያሳይ፣ ችግሩ ከታብሌቱ ወይም ከታይፕ ሲ ገመዱ ይመስለኛል። ታይፕ ሲ ሁሉ ምስል እንደማያወጣና ዲስፕሌይፖርት አልት ሞድ የሚባለው፣ በታይፕ ሲ ቀዳዳ ምስል የማውጣት ችሎታ መኖር እንዳለበት አንብቤያለሁ። ታብሌቱ ይህ እንዳለው ሌላ ገመድ ከመግዛቴ በፊት በምን ላረጋግጥ? ከሌለውስ በገመድ የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ? የምታውቁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።