«ሃድ ቤተር» የሚለው «ይሻላል» ነው ወይስ «ይሻልሃል»? ስለ «ቤተር» አገባብ የቀረበ ጥያቄ

የቋንቋ ተማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። «ቤተር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ለ«ጉድ» እና ለ«ዌል» ማወዳደሪያ መሆኑን ሁላችንም ገና ስንጀምር ተምረነዋል። ይሁን እንጂ በንባብ የሚያጋጥሙኝ አንዳንድ አገባቦች በዚህ ትርጉም ብቻ አልፈታ ብለውኛል። «ዩ ሃድ ቤተር ጎ ናው» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሃድ» የኃላፊ ጊዜ ግስ ሆኖ ሳለ ነገሩ ስለ አሁን የሚሆነው ለምንድን ነው? አንድ ሕመምተኛ «አይ አም ቤተር» ሲልስ ፈጽሞ ድኗል ማለት ነው ወይስ ቀለል ብሎታል? «ዘ ቤተር ፓርት ኦቭ ዘ ዴይ» የሚለውንም «የቀኑ የተሻለው ክፍል» ብዬ ስተረጉመው ከቀረው ጽሑፍ ጋር አይገጥምም። ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የሰዋስው መምህር፦

«ሃድ»ን በተመለከተ ልመልስልዎ። ቃሉ መልኩ የኃላፊ ጊዜ ቢሆንም የሚያመለክተው ጊዜን ሳይሆን ምኞትንና ግምትን ነው። እኛም «አሁን ብትሄድ ጥሩ ነበር» ስንል «ነበር»ን የምናስገባው ስላለፈ ነገር ለመናገር አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ አባባሉ «ሚ ዌር ቤተር» ወደሚል ቅርጽ የሚጠጋ ነበር፤ ሰውየው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሳይሆን ነገሩ የሚበጀው ወገን ሆኖ ይገባ ነበር፣ ልክ በአማርኛ «ይሻለኛል» በሚለው ውስጥ «እኔ» በግሱ መድረሻ ላይ እንደሚገኘው ማለት ነው። በኋላ ሰውየው ወደ ባለቤትነት ሲዛወር «ሃድ» የ«ዌር»ን ቦታ ወሰደና አባባሉ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ስለዚህ «ሃድ»ን ነጥሎ ለመተርጎም መሞከር አያዋጣም።

ከዚህ አባባል ቀጥሎ የሚመጣው ግስ «ቱ» የሚለውን አይቀበልም። አፍራሹም የሚገባው ከ«ቤተር» በኋላ ስለሆነ «ዩ ሃድ ቤተር ኖት ጎ» ይባላል። በፈጣን ንግግር «ሃድ» ስለሚዋጥ «ዩ ቤተር ጎ» የሚል ይሰማሉ፤ በመደበኛ ጽሑፍ ግን «ሃድ» መጻፍ ይኖርበታል።

«ሞር ቤተር» ማለትም ስሕተት ነው፣ ማወዳደሪያነቱ በቃሉ ውስጥ ያለቀ ነውና። «ቬሪ ቤተር»ም አይባልም፤ ልዩነቱን ማጉላት ሲፈለግ «መች ቤተር» ወይም «ፋር ቤተር» ይባላል።

ተርጓሚ፦

መምህሩ ስለ አመጣጡ የሰጡት ማብራሪያ አጥጋቢ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ቃናው ነው፣ ምክንያቱም ብዙ መዝገበ ቃላት «ሃድ ቤተር»ን በ«ይሻላል» ብቻ ፈትተው ስለሚያልፉ አንባቢ የለዘበ ምክር ይመስለዋል። አባባሉ ግን «ካላደረግኸው መዘዝ ይመጣል» የሚል ማስጠንቀቂያ በውስጡ አለው። በአማርኛ «ዝም ብትል ይሻላል» እና «ዝም ብትል ይሻልሃል» በሚሉት መካከል ያለውን ርቀት ልብ ይበሉ፤ የመጀመሪያው አስተያየት ነው፣ ሁለተኛው ወደ ዛቻ ይጠጋል። «ዩ ሃድ ቤተር» የሚቀርበው ለሁለተኛው ነው። በዚህም ምክንያት ሁለት ነገሮችን እንዲሁ ለማወዳደር አያገለግልም፤ «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» የሚለውን የእኛን አባባል እንግሊዝኛው «ቤተር ሌይት ዛን ኔቨር» ይለዋል እንጂ «ሃድ»ን አያስገባበትም።

«ዘ ቤተር ፓርት» ላይ ስንመጣ፣ እዚህ «ቤተር» የሚናገረው ስለ ጥራት ሳይሆን ስለ ብዛት ነው። አማርኛም «ደህና ገንዘብ አለው»፣ «ደህና መንገድ ተጉዘናል» ሲል «ደህና»ን ለመጠን ያውለዋል። ስለሆነም «አብዛኛውን ቀን» ብለው ቢተረጉሙት ከጽሑፉ ጋር ይስማማል፤ ቀኑ መልካምም ይሁን መጥፎ አባባሉ አይናገርም። ይህን በመዘንጋት የተበላሹ ትርጉሞች አሁንም በብዛት ይታተማሉ፤ አርታዒዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ሌሎቹን አባባሎች ባጭሩ ላንሳ። «ጌት ዘ ቤተር ኦቭ» ማሸነፍ ነው፤ ጉጉት ሰውን ሲያሸንፈው «አላስችል አለው» ብንል ያምራል። «ዩ ሹድ ኖው ቤተር» ከቃል በቃል ትርጉም ይልቅ «አንተን ይህ ይጠፋሃል?» በሚለው ወቀሳ በትክክል ይገለጻል። «ቤተር ኦፍ» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኑሮን መሻሻል ያመለክታል።

የጤና ጸሐፊ፦

የሕመምተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ስላለፈ እኔ ልሞክር። «አይ አም ቤተር» ሁለቱንም ትርጉም ይይዛል፣ የሚለየውም በአጃቢ ቃላቱ ነው። «መች ቤተር» ወይም «ኤ ሊትል ቤተር» ከተባለ ንጽጽር ነው፤ ከትናንት ይሻላል እንጂ ጤነኛ ነው አልተባለም። «ኮምፕሊትሊ ቤተር» ከተባለ ግን ማወዳደሩ ቀርቶ ቃሉ «ጤነኛ» የሚለውን ተክቷል። በአማርኛ ለዚህ የተለያዩ ቃላት አሉን፦ «ሻል ብሎኛል» ሲል ገና ሕመም ላይ ነው፣ «ተሽሎኛል» ሲል ብዙ ርቀት ሄዷል፣ «ድኛለሁ» ሲል ጨርሷል። እንግሊዝኛው ሦስቱንም በአንድ ቃል ስለሚሸከም፣ በተለይ የሕክምና ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው አጃቢ ቃል ካላገኘ «ድኗል» ብሎ ከመጻፉ በፊት የቀረውን ታሪክ ሊያነብ ይገባል። መድኃኒት ማቋረጥና መቀጠል በዚህ ቃል ላይ ሊንጠለጠል ይችላልና።

የቋንቋ ተማሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላክል፦ ለአለቃ ወይም በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስንጽፍ «ሰነዱን ቀደም ብለው ቢልኩት ይሻላል» የሚለውን በምን እንግለጸው?

ተርጓሚ፦

«ዩ ሃድ ቤተር»ን ለእንደዚህ ያለ ደብዳቤ አይጠቀሙበት፤ ተቀባዩ እንደ ትእዛዝ ያነበዋል። «ኢት ማይት ቢ ቤተር ቱ ሴንድ ዘ ዶክዩመንት ኧርሊ» ብለው ይጻፉ። እዚህ ውስጥ «ዩ» የሚለው ቃል የለም፤ የሚሻለው ነገሩ ስለሆነ ሰውየው አይነካም፣ «ማይት»ም ውሳኔውን ለእርሱ ይተውለታል። ጉዳዩ በእውነት አጣዳፊ ከሆነ ደግሞ የሚፈለግበትን ቀንና ምክንያቱን በግልጽ መጻፍ ነው እንጂ ጥድፊያውን በ«ሃድ ቤተር» ላይ መጫን አይገባም።